አዲስ አደንዛዥ ዕፅ ምን ያህል ሱስ ያስይዛል?

ዲዛይነር ድራግ የሚባሉት በሕግ የተከለከሉ ዕፆችን ሞለኪውል በጥቂቱ በመለወጥ በቤተ ሙከራ የሚሠሩ ኬሚካሎች ናቸው። የሠሪዎቹ ፍላጎት ስካሩን ሳያጡ ከተከለከሉት ዕፆች ዝርዝር ማምለጥ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፅና የወንጀል መከላከል ቢሮ ከ1,200 በላይ እንዲህ ያሉ አዳዲስ ንጥረ ነገሮችን መዝግቧል። አብዛኞቹ በሰው ላይ ያላቸው ውጤት በወጉ ተጠንቶ አያውቅም። አንዱ ገበያ ላይ ብቅ ባለ ቁጥር ታዲያ ሱስ የማስያዝ ኃይሉን መለካት ግድ ይሆናል።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ቅርብ የሆኑት ከጫት ጋር የሚዛመዱት ናቸው። የጫት ዋና አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ከቅጠሉ ተለይቶ የታወቀው በ1975 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖኑ ደካማ ወደሆነው ካቲን ይለወጣል፤ ጫት የጫኑ መኪኖች እንደዚያ የሚበሩትም ለዚህ ነው። ሜፌድሮን፣ ሜቲሎን፣ ኤምዲፒቪና አልፋ ፒቪፒ የካቲኖን ኬሚካላዊ ዘመዶች ናቸው። ከ2010 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ አንዳንዶቹ «የመታጠቢያ ጨው» በሚል ስም፣ «ለሰው ፍጆታ የማይውል» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው በነዳጅ ማደያ ሱቆች ሳይቀር ይሸጡ ነበር። የመርዝ መረጃ ማዕከላት ስለ እነዚህ ዕፆች በ2010 ከ300 ብዙም ያልበለጠ ጥሪ ተቀብለው ነበር፤ በ2011 ጥሪው ከ6,000 በላይ ሆነ።

ምዘናው የሚጀምረው ከነርቭ ሕዋስ ነው። ዶፓሚን የተባለው ኬሚካል ከሕዋሱ ወጥቶ መልእክቱን ካደረሰ በኋላ፣ መልሶ የሚያስገባው ፕሮቲን አለ። ኮኬይን ይህን መመለሻ ስለሚዘጋ ዶፓሚኑ ውጭ ይከማቻል። አዲሱ ዕፅ ተመሳሳይ ሥራ መሥራት አለመሥራቱ ይፈተሻል፤ ሴሮቶኒን የተባለውን ሌላ የአንጎል ኬሚካል ምን ያህል እንደሚነካም ይታያል። በልምድ እንደታየው ሴሮቶኒንን ሳይነካ ዶፓሚንን ብቻ የሚያንር አነቃቂ ዕፅ የበለጠ ሱስ ያስይዛል። ሜፌድሮን ሁለቱንም ያንራል። ኤምዲፒቪ ግን የዶፓሚንን መመለሻ በመዝጋት ከኮኬይን 50 ጊዜ ያህል ሲበረታ ሴሮቶኒንን እምብዛም አይነካም። ስለ ሱስ አስያዥነቱ አንዱ ምልክት ይህ ነበር።

ከዚያ ተራው የአይጦች ነው። በአይጧ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ ይገባና ሁለት መጫኛዎች ያሉበት ሳጥን ውስጥ ትቀመጣለች። አንዱን ስትጫን ጥቂት ዕፅ በቱቦው ይገባላታል፤ ሌላው ምንም አይሰጥም። ዕፁ ሱስ የማያስይዝ ከሆነ አይጧ መጫኛውን ትተዋለች፤ የሚያስይዝ ከሆነ ትመላለስበታለች። ዋናው ፈተና ግን ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ጊዜ ለመውሰድ የሚያስፈልገው የመጫን ቁጥር ቀስ በቀስ ይጨመርና አይጧ በቃኝ የምትልበት ነጥብ ይመዘገባል። በካሊፎርኒያ የስክሪፕስ ምርምር ተቋም ሳይንቲስቶች በ2013 ባወጡት ጥናት አይጦች ለሜታምፌታሚን በአማካይ 60 ጊዜ ያህል ሲጫኑ ለኤምዲፒቪ እስከ 600 ጊዜ ያህል ተጭነዋል። ሜታምፌታሚን ራሱ ከከባድ የሱስ ዕፆች አንዱ መሆኑ ሲታሰብ ውጤቱ ያስደነግጣል።

ሌላም ሙከራ አለ። አይጧ ኮኬይን ስትወስድ የግራውን፣ ጨዋማ ውኃ ብቻ ስትወስድ የቀኙን መጫኛ እንድትጫን ትሠለጥናለች። ከዚያ አዲሱ ዕፅ ይሰጣታል። ወደ ግራ ከሄደች የተሰማት ስሜት ከኮኬይን ጋር ይመሳሰላል ማለት ነው። ዕፁ ለቀናት ተሰጥቶ በድንገት ሲቋረጥ የሚታየው መንቀጥቀጥ፣ መረበሽ ወይም ድካም ደግሞ ሰውነት ምን ያህል እንደለመደው ያሳያል።

የአይጥ ምስክርነት ግን ጉድለት አለው። የካናቢስ ዋና ንጥረ ነገር የሆነውን ቲኤችሲ አይጦች ራሳቸው እንዲወስዱ ማድረግ ከባድ ነው፤ ሰው ግን በካናቢስ ሱስ ይያዛል። አይጧ አልፈለገችውም ተብሎ ዕፁ ነፃ አይባልም። በሰው ላይ በሚደረገው ምዘና ዕፅ የመውሰድ ልምድ ያላቸው ፈቃደኞች፣ የወሰዱት ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ ምን ያህል እንደወደዱት ከ0 እስከ 100 በሚደርስ መለኪያ ይገልጻሉ። ይህ ለመድኃኒት ፋብሪካ አዲስ ምርት ይሠራል። መንገድ ላይ ለሚሸጥ፣ መርዛማነቱ ላልተጠና ዱቄት ግን ፈቃድ ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች የሚደገፉት በድንገተኛ ክፍል መዝገብ፣ በተጠቃሚዎች ቃልና በከተማ ፍሳሽ ምርመራ ነው።

ከሞለኪውሉ እኩል ወሳኝ የሆነው የአወሳሰዱ ፍጥነት ነው። በጫት ቃሚ ደም ውስጥ ካቲኖን ከፍተኛ መጠኑ ላይ የሚደርሰው ከ2 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው፤ ምርቃናውም ቀስ ብሎ ይመጣል። የሚጨስ ወይም በመርፌ የሚወሰድ ኤምዲፒቪ በሴኮንዶችና በደቂቃዎች ውስጥ አንጎል ይደርሳል፤ አንድ ዕፅ በፈጠነ ቁጥር ሱሱም ይጠናል። ጫት አያስይዝም ማለት ግን አይደለም፤ ሀራራውንና ዱካኩን ቃሚዎች ያውቁታል። የዓለም ጤና ድርጅት የባለሙያዎች ኮሚቴ በ2006 ጫትን መርምሮ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲገባ አልመከረም። ኤምዲፒቪ በአንጻሩ በ2015 ቁጥጥር ሥር ገብቷል።

ያም ቢሆን ምዘናው ሁልጊዜ ከገበያው ኋላ ይቀራል። አሜሪካ በጥቅምት 2011 ሜፌድሮንን፣ ሜቲሎንንና ኤምዲፒቪን ስታግድ «ፍላካ» የተባለው አልፋ ፒቪፒ ቦታቸውን ያዘ። እሱም በ2014 ታገደ፤ ሆኖም በፍሎሪዳ መሸጡ ቀጠለ። በደንብ የቀነሰው ቻይና፣ ዋነኛ ምንጩ የነበረችው አገር፣ በጥቅምት 2015 አልፋ ፒቪፒን ጨምሮ 116 ንጥረ ነገሮችን በአንድ ጊዜ ካገደች በኋላ ነው።