ቤታችንን ሸጠን ቤት ፍለጋ የወጣን ጊዜ

ከጡረታ በኋላ ቤት ሸጬ ሌላ ቤት ፍለጋ እዞራለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እኔ ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት፣ ባለቤቴ ደግሞ በምድር ባቡር አገልግለን ጡረታ ወጥተናል። አዋሽ ሰባት ኪሎ የነበረውን ቤታችንን የሠራነው በሁለት ደመወዝና በዕቁብ ነው። ሦስት ልጆች አሳድገንበታል። በግቢው ያለውን የኒም ዛፍ የተከልኩት የመጀመሪያ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ ነበር። ወላጆችና አያቶች የሆናችሁ አንባቢያን እንዲህ ያለ ቤት ዋጋው በብር ብቻ እንደማይቆጠር ታውቁታላችሁ።

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ግን መሬቱ ዕረፍት ነሳን። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች አካባቢ መንቀጥቀጡ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ እንደገና ይመጣል። ታኅሣሥ ላይ ባሰበት፤ ታኅሣሥ 26 ቀን በሬክተር መለኪያ ከ5.5 በላይ የሆነው፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6.0 የደረሰው ርዕደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በአካባቢው በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል። እኛም እንደ ጎረቤቶቻችን ፍራሻችንን አውጥተን ኒሙ ሥር ያደርንባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። አንድ ማለዳ ወደ ውስጥ ስንገባ የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ኮርኒሱ ተሰንጥቆ አገኘነው።

ሰመራ የምትሠራው ልጃችን በዚያኑ ቀን ደወለች። «እማዬ፣ አባዬን ይዘሽ ነይ። ቤቱን ሽጡትና እዚህ እኛ አጠገብ ግዙ» አለች። ልጅ ሲለምን ልብ ይሸፈታል፤ በዚያ ላይ ሁለት የልጅ ልጆች አሉ። ባለቤቴ ሦስት ቀን ሙሉ መልስ አልሰጠም። በአራተኛው ቀን «ሲስተር፣ እንሽጠው» አለኝ። ከተማው ሁሉ ሲስተር ስለሚለኝ እሱም ከለመደው ቆይቷል።

ስንጥቁን እንለስነው ወይስ እናሳየው?

የመጀመሪያው ጠባችን የተነሣው በዋጋ አይደለም፤ በዚያ ስንጥቅ ነው። ደላላው ገና እንዳየው «ጋሼ፣ ይሄንን በሲሚንቶ አስለስኑና ቀለም አስቀቡት፤ ገዢ ሲያይ ይሸሻል» አለ። ባለቤቴም የተስማማ መሰለ። እኔ ግን አልተዋጠልኝም። በሥራ ዘመኔ ሳይጸዳ የተሸፈነ ቁስል ምን እንደሚሆን ብዙ አይቻለሁ፤ ላዩ የዳነ መስሎ ውስጡ መግል ይይዛል። ሌላ ሰው ልጆቹን እዚያ ግድግዳ ሥር አስተኝቶ አንድ ሌሊት ቢናድባቸውስ?

ሁለት ቀን ተኮራረፍን። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ራሱ ገዢውን ይዞ ገባና አልጋውን ከግድግዳው ሳብ አድርጎ «ይኸውልህ፣ ይሄ በየካቲት የመጣ ነው» አለው። ዋጋው ካሰብነው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ወረደ። ሰውየው ቤቱን ለሱቅ ፈልጎት ስለነበር ግድግዳውን አፍርሶ እንደገና ሠራው። ገንዘቡ ቀርቶብናል፤ እንቅልፋችን ግን አልቀረብንም።

ሽያጩ ላይ የተማርነው

በሀገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 እንደደነገገው አይሸጥም፣ አይለወጥም። የምንሸጠው መሬቱ ላይ ያፈራነውን ቤት ነው። ስለዚህ ገዢ በመጀመሪያ የሚጠይቀው ይዞታው ነባር ነው ወይስ የሊዝ የሚለውን ነው። የሊዝ ከሆነ ያልተከፈለው ቀሪ ክፍያ በማን ላይ እንደሚሆን በውሉ መጻፍ አለበት።

ባልና ሚስት ያፈሩት የጋራ ቤት ደግሞ በአንዱ ፊርማ ብቻ አይሸጥም። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለማስያዝ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። ይህን የምጽፈው ለእናቶች ነው። «እሱ ይጨርሰው» ብላችሁ ቤት አትቀመጡ። ውሉ ሲነበብ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ስሙ፣ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ ከዚያ ፈርሙ።

ቀብድም ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ሐሳቡን ከቀየረ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ሻጭም ሆናችሁ ገዢ፣ ልባችሁ ሳይቆርጥ ቀብድ አትነካኩ። የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ አግባብ ባለው አካል ፊት መመዝገብ አለበት። በሁለት ምስክርና በአንድ ወረቀት የሚያልቅ ነገር አይደለም።

ሰመራና ሎግያ

ግንቦት ላይ ዕቃችንን ለዘመድ አደራ ሰጥተን ሰመራ ገባን። መንገዱ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አዋሽ ሰባት ከባሕር ወለል በላይ 900 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ሰመራ ግን ከ500 ሜትር በታች ናት። ለወጣት ይህ ልዩነት ቁጥር ብቻ ነው። በስልሳዎቹ ዕድሜ ላለና የደም ግፊት ክኒን ለሚወስድ ሰው ግን ትልቅ ጉዳይ ነው።

ሰመራን አላማም። ርዕሰ ከተማነቱ ከአሳይታ ከዞረላት ወዲህ ዩኒቨርሲቲ፣ አውሮፕላን ማረፊያና ደረቅ ወደብ አግኝታለች። የዱብቲ ሆስፒታልም ሩቅ አይደለም። ልጃችንና ባልዋ ኑሯቸውን የመሠረቱት እዚያ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት የልጅ ልጆቼ እጄን ይዘው ሲያዞሩኝ፣ «እዚህ እንሞታለን» ብዬ በደስታ ተናግሬ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ባለቤቴ ሎግያ አንድ ቤት ሊያይ በቀትር ወጣና ተዝለፍልፎ በሰው ድጋፍ ተመለሰ። ላብ የለውም፣ ቆዳው ይፋጃል፣ አነጋገሩ ይወላገዳል። ጥላ ውስጥ አስገብቼ፣ ልብሱን አላልቼ፣ ሰውነቱን በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩና እያራገብኩ ወደ ሐኪም ወሰድነው። ተርፏል፤ ተመስገን። ጠዋት ከሻይ ሌላ ምንም እንዳልጠጣ በኋላ ነገረኝ። «አልጠማኝም እኮ» አለ።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፤ ሰውነት ውኃ እያጣም አይናገርም። ሽንት የሚያበዙ የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ጉዳዩን ያባብሱታል። መድኃኒቱን በራሳችሁ እጅ አታቋርጡ። ወደ ሞቃት አገር ከመዛወራችሁ በፊት ግን ሐኪማችሁን አማክሩ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለባችሁ ምን ያህል ውኃ እንደምትጠጡም ጠይቁ። ኢንሱሊን የምትጠቀሙ ከሆነ ቤቱ መብራት ሲጠፋ የት እንደምታስቀምጡት አስቀድማችሁ አስቡ። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ የሸክላ ገንቦ ጥላ ውስጥ ሲቀመጥ ፍሪጅ ባይተካም ከሙቀት ያስታግሳል።

ያየናቸው ቤቶች

በሦስት ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ቤት አየን። አንዱ ጥሩ ነበር፤ ሰፊ በረንዳ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ። ካርታውን ስንጠይቅ ግን በሟች አባት ስም ሆኖ ተገኘ። የወራሽነት ማረጋገጫ አልወጣለትም፤ ከወራሾቹም አንደኛው ውጭ አገር ነው። ሻጩ «ቀብድ ክፈሉና እኔ አስተካክላለሁ» አለ። አመስግነን ወጣን።

ሌላው ቤት የታጠቡ ንጣፎች፣ አዲስ ቀለም፣ ሁለት ትልልቅ ሮቶ ነበረው። ባለቤቴ ንጣፉን ሲያይ እኔ ሮቶው ላይ በመሰላል ወጣሁ። ክዳን የለውም፣ ውስጡ የትንኝ ዕጭ ይዋኛል። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ከደቡብ እስያ የመጣችው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ በሀገራችን መጀመሪያ የታየችው በ2009 ዓ.ም. በቀብሪደሃር ሲሆን፣ በኋላ በአዋሽም በሰመራም ተገኝታለች። እንደ ነባሮቹ ረግረግ ብቻ አትፈልግም። በከተማ ውስጥ ባለ በርሜል፣ በሮቶና በግንባታ ጉድጓድ ውኃ ትራባለች። የደንጊ ትንኝም እንዲሁ። ቤት ስታዩ የውኃ ማጠራቀሚያውን ክዳን ክፈቱ። ውኃው የጉድጓድ ከሆነም ስለ ፍሎራይዱ ጠይቁ፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ፍሎራይዱ ከፍ ያለ ስለሆነ የልጆችን ጥርስ ያበላሻል፣ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል።

የሽማግሌው ጥያቄ

አፋሮች ሲገናኙ ዳጉ ይለዋወጣሉ። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ተባብለው፣ ወሬውን አጣርተው፣ ለሚቀጥለው ያስተላልፋሉ። አንድ ከሰዓት የልጄ ጎረቤት የሆኑ አፋር ሽማግሌ ለምን እንደመጣን ጠየቁኝ። ከርዕደ መሬት ሸሽተን መሆኑን ነገርኳቸው። ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ «ሰርዶን ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ሰርዶ ከሰመራ ብዙ ሳትርቅ፣ በአሰብ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ነበረች። በ1961 ዓ.ም. በርዕደ መሬት ፈርሳለች፣ ሰዎችም አልቀዋል። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይም በዳባሁ አካባቢ መሬት ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርዝመት ተሰንጥቋል። ሽማግሌው የነገሩኝ ግልጽ ነበር። ከአዋሽ እስከ ሰመራና ከዚያም በላይ ያለው ምድር ሁሉ አንድ ስምጥ ሸለቆ ነው፤ ሸሽታችሁ የመጣችሁት ወደዚያው ነገር ነው። ከዚያም ወደ ግቢያቸው ጥግ አመለከቱኝ። ሴቶቹ በእንጨት ቅስትና በሰሌን የሠሩት ደቦይታ አለ። «ይሄ ይወዛወዛል እንጂ ሰው አይገድልም» አሉኝ።

ያን ሌሊት እኔና ባለቤቴ እንደገና ተነጋገርን። እስከዚያ ቀን ድረስ ራሳችንን የምንጠይቀው «አደጋ የሌለበት ቦታ የት ነው?» እያልን ነበር። መጠየቅ የነበረብን ግን ሌላ ነው፦ የማይናድብን ቤት የትኛው ነው? ሌሊት ብንታመም ማን ይደርስልናል? ሙቀቱንስ እንችለዋለን?

የት ደረስን?

ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ አዋሽ ሰባት ውስጥ ትንሽ ቤት ገዛን። ከመግዛታችን በፊት አምስት ወር እዚያው ተከራይተን ኖርን። ቤቱ ሁለት ክፍልና በረንዳ ነው። ከባድ የድንጋይ ግድግዳ የለውም፣ ጣሪያው ቀላል ቆርቆሮ ነው። በግንባታ የሚሠራ ባለሙያ ከፍለን አስመርምረነዋል። ምሰሶዎቹ ብረት እንዳላቸው፣ ግድግዳው ከታች በግሬድ ቢም ከላይ በቶፕ ታይ ቢም መታሰሩን አይቶልናል። ቁም ሣጥናችንን ግድግዳው ላይ አሥረነዋል፣ አልጋችንን ከመስኮት አርቀነዋል፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ መያዣ ብረት አስገጥመናል። አረጋዊን ከርዕደ መሬት ይልቅ በየቀኑ የሚጥለው የመታጠቢያ ቤት ወለል ነው።

ዕድራችን እዚያው ነው። ባለቤቴ በታመመ ሌሊት በር የሚያንኳኳለት ጎረቤት አለው። ያጣነውም አለ፤ የልጅ ልጆቼን በየቀኑ አላይም። ልጄ ለሁለት ሳምንት አኩርፋኝ ነበር። አሁን ሙቀቱ ሲበርድ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት እኛ ሰመራ እንሄዳለን፤ ክረምት ላይ እነሱ ይመጣሉ። የቀድሞው ቤታችን ሱቅ ሆኗል። ኒሙን ግን ገዢው አልቆረጠውም፤ ደንበኞቹ ጥላው ሥር ይቀመጣሉ።

ቤት ልትሸጡ ወይም ልትገዙ ላሰባችሁ እኩዮቼ የምመክረው ይህን ነው፦

• ልትሄዱበት ባሰባችሁት ከተማ በጣም በሚከብደው ወቅት ቢያንስ ሁለት ሦስት ወር ተከራይታችሁ ኑሩ፤ የድሮውን ከሸጣችሁ በኋላም ቢሆን ለመግዛት አትቸኩሉ።

• ካርታው በማን ስም እንደሆነ፣ ዕዳና እገዳ እንዳለበት፣ የግብር ጉዳዩም በማን ላይ እንደሆነ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ራሳችሁ ሄዳችሁ አጣሩ።

• ቤቱን በቀትርም በሌሊትም እዩት። ጎረቤትን ስለ ውኃው፣ ስለ መብራቱና ስለ ሻጩ ጠይቁ።

• ከበሩ እስከ ጤና ተቋም በእግርና በባጃጅ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ሄዳችሁ ለኩ።

• ደረጃ ያለው ቤት ዛሬ ቢያምራችሁም የጉልበታችሁን ነገር ከአሥር ዓመት በኋላ አስቡት።

• ከሽያጩ ገንዘብ ላይ ለመታከሚያ የሚሆን ሳታስቀሩ ሁሉንም ቤት ላይ አታውሉ።

• ልጆቻችሁን አድምጡ፤ ውሳኔው ግን የሁለታችሁ ይሁን።

ለልጆችም አንድ ቃል አለኝ። እናትና አባታችሁን «ኑ» ስትሏቸው፣ እነሱ ትተውት የሚመጡትን ነገር አስቀድማችሁ ጠይቋቸው። ልጄ ይህን ጥያቄ የጠየቀችኝ ዘግይታ ነው፤ ግን ጠይቃኛለች። «እማዬ፣ እዚያ ማን አለሽ?» አለችኝ። የዕድሬን ሴቶች ስም አንድ በአንድ ቆጠርኩላት። ሳልጨርስ «ይገባኛል» አለችኝ።

ቸር ይግጠመን።