«ጅቡቲ ደርሷል»፦ ከባንኮኒው ጀርባ የሚሰማ የተስፋ ቋንቋ

ይህን ጮክ ብዬ አልናገረውም፤ አጠገባችን ያሉት ሱቆች ይሰማሉ። ግን ከክፍለ ሀገር መጥታችሁ በድር ተራና በሸማ ተራ መሀል ላብ በላብ ሆናችሁ፣ አንዱ ሱቅ የሰጣችሁን ቃል ለሌላው ሱቅ ስታስረዱ ስለማያችሁ ሹክ ልበላችሁ። መርካቶ ውስጥ የምትሰሙት የተስፋ ቃል ማጽናኛ አይደለም፤ ገንዘብ ነው። ቀን አለው፣ ዋጋ አለው፣ አንዳንዱ እንዲያውም ዋስ አለው። ነጋዴው ያውቀዋል፣ ሠራተኛው ያውቀዋል፣ ደላላው ከሁላችንም በላይ ያውቀዋል። የማያውቀው ገዢው ብቻ ነው።

«ዕቃው እየመጣ ነው» ከሚለው እንጀምር። ይህ እንደ ደረጃው ይለያያል። «ታዟል» ከተባላችሁ፣ አስመጪው ስልኩ ላይ ፎቶ አለው ማለት ነው፤ ከቻይና፣ ከጓንዡ ወይም ከዪዉ፣ በዊቻት የተላከ የጨርቅ ፎቶ። ከዚያ በላይ አትቁጠሩት። «ኤልሲ ተከፍቷል»፣ ማለትም ባንክ ለሻጩ የክፍያ ዋስትና ሰጥቷል፣ ሲባል ነገሩ ነፍስ ዘርቷል፤ የባንክ ወረፋ ያለፈ ሰው ይህን ቃል በከንቱ አይናገረውም። «መርከብ ላይ ነው» ደህና ነው፤ ባሕር ግን ባሕር ነው። ከዚያ የመርካቶ ተስፋዎች ሁሉ ንጉሥ ይመጣል፦ «ጅቡቲ ደርሷል»።

ጅቡቲ ለዚህ ሥራ ትመቻለች። ቅርብ ስለሆነች ሰው «ነገ ተነገ ወዲያ ይገባል» ብሎ ያስባል። ሩቅም ናት፤ በባቡር መስመሩ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ሄዶ ኮንቴነር የሚቆጥር ገዢ የለም። ስለዚህ ዕቃው እዚያ የፈለገውን ያህል ሊሰነብት ይችላል። አንዱ ኮንቴነር በአንድ ክረምት ደጋግሞ «ሲደርስ» ሰምቻለሁ። በእኛ ሱቅ ጌታችን፣ ባለሱቁ፣ ስልክ ላይ ይህን ቃል ሲናገር ሠራተኛ ልጆቹ ተያይተው «ላሚቱ» ይባባላሉ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ከሚለው የወሰዱት ነው። ጌታችን እስከ ዛሬ አልሰማም፤ ወይ ሰምቶ ዝም ብሏል።

«ሞጆ ገብቷል»፣ ደረቅ ወደቡ ማለት ነው፣ ካሏችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ትራንዚተሩ፣ ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስወጣው፣ ማነው?» እውነት ከሆነ ስሙ ሳይታሰብ ከአፍ ይወጣል፤ ነጋዴው ቀኑን ሙሉ ከዚያ ሰው ጋር በስልክ ሲጨቃጨቅ ነዋ የዋለው። ስሙ ከዘገየ ኮንቴነሩም ዘግይቷል።

ይህ ሁሉ ደረጃ ለምን አስፈለገ ትሉ ይሆናል። ለቀብድ ነው። «ታዟል» ላይ ቀብድ የሚሰጥ ሞኝ የለም፤ «ጅቡቲ» ላይ ይሰጣል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ፣ ይህ እዚሁ ይቅር፣ ጅቡቲ ደርሷል የተባለው ዕቃ የሚገዛው በዚያው ቀብድ ነው። ዕቃችሁን ከፋብሪካ የሚያስወጣው የእናንተው ብር ነው ማለት ነው። ማጭበርበር ነው? ብዙ ጊዜ አይደለም። ዕቃው ይመጣል፤ ቃሉ ቀድሞት ነው የደረሰው።

ይህ አካሄድ ሲፈርስ ያየነው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ነው። ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን ባደረገበት ጊዜ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያን ሰሞን ሱቁ ክፍት ነው፣ ጣቃው መደርደሪያ ላይ ተኮልኩሏል፣ ባለቤቱም ባንኮኒው ላይ ክርኑን አስደግፏል፤ ስትጠይቁት ግን «ዋጋው አልተቆረጠም» ይላል። ያልተቆረጠ ዋጋ ማለት የነጋዴው ተስፋ ነው፤ ነገ ይጨምራል የሚል። ለገዢው ደግሞ በተቃራኒው። በአሮጌው ዋጋ ቀብድ የከፈሉት ሰዎች ዕቃ ሳይሆን ክርክር ነበር የገዙት። «ጅቡቲ ደርሷል» ሲሉ የከረሙ አንዳንዶች ድንገት «ኧረ ገና አልተጫነም» ማለት ጀመሩ። እንዲህ ያለ የኋሊት ጉዞ ያደረገ መርከብ ከዚያ በፊት አላየሁም።

ከእኛ ሱቅ አለፍ ብሎ አንድ ጋሼ አሉ። ኩባ ነው ያደጉት። ከሶማሊያው ጦርነት በኋላ፣ በደርግ ጊዜ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹ አባታቸውን በጦርነቱ ያጡ፣ ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ተልከው ተምረዋል። እሳቸው ከነዚያ አንዱ ናቸው። ዛሬ ቁልፍና ዚፕ በጅምላ ያከፋፍላሉ፤ ሲናደዱ ግን በስፓኒሽ ነው። መርካቶንም «መርካዶ» ነው የሚሏት። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ እዚህ ሲያሰፍር ትቶት የሄደው ስም ለእሳቸው የስፓኒሽ ዘመድ ሆኖላቸዋል። ሻይ ሰዓት ላይ የጌታችን ልጅ ይቀላቀለናል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሷል፣ ስልኩም የእንግሊዝኛ ማነቃቂያ ንግግር ሞልቶታል። ሁለቱ በተስፋ ጉዳይ ሲፎካከሩ ማዳመጥ ሥራ ያስፈታል።

አንድ ቀን ዕቃ ጉምሩክ ተይዞባቸው ጋሼ «ኖ አይ ማል ኬ ፖር ቢየን ኖ ቤንጋ» አሉ፤ ለበጎ የማይመጣ ክፉ የለም እንደማለት ነው። ልጁ ቀበል አድርጎ «እንግሊዞቹም ደመና ሁሉ የብር ገበር አለው ይላሉ» አለ። ጋሼ ሻያቸውን አስቀምጠው «ገበር? ሜትሩን ስንት ይላሉ?» አሉት። ጨርቅ ነጋዴ መሀል ገበር የሚል ሰው ሌላ ምን ሊጠብቅ ነው!

የእኛው መልስ አጭር ነው፦ «ለበጎ ነው»። ይህን ቃል ግን በጥንቃቄ ስሙት። ነጋዴ ስለ ከሰረበት ሽያጭ ሲለው ተጽናንቷል ማለት ነው። ስለ እናንተ ዕዳ ሲለው ሌላ ነው። የዱቤ ደብተሩን ገልጦ፣ ስማችሁን በጣቱ ነክቶ፣ «እንግዲህ ለበጎ ነው» ካለ ዕዳው ተሰርዟል፤ ሁለተኛ አይጠይቃችሁም። ሁለተኛም አያበድራችሁም። መንገድ ላይ ሲያገኛችሁ በጣም ደህና አድርጎ ሰላም ይላችኋል፤ እዚያ ላይ ነው መፍራት።

ጋሼ «ዲዮስ አፕሪዬታ፣ ፔሮ ኖ አኦጋ» የሚሉትም አለ፤ እግዜር ያጠብቃል እንጂ አንቆ አይገድልም። ለዚህ የኛው «የከፈተውን ጉሮሮ ሳይዘጋው አያድርም» ነው። ሁለቱም ጉሮሮ ላይ መገናኘታቸው ይገርመኛል፤ የእነሱ ከመታነቅ ያድናል፣ የእኛ እራት ያበላል። እኔ የእኛን እመርጣለሁ። ልጁ የእንግሊዝኛውን ስልኩ ላይ ሲፈልግ ቆይቶ ሻዩ ቀዘቀዘበት።

ትልቁ ነገር ግን «ኦሃላ» ነው። ስፓኒሾች የሚመኙትን ሲናገሩ የሚያስቀድሙት ቃል ነው፤ ዐረቦች አንዳሉሲያን ለዘመናት ሲገዙ ከዐረብኛ የገባ፣ አላህ ቢሻ ከሚለው የመጣ። ጋሼ ይህን ሲነግሩን አንዋር መስጊድ አዛን ይል ነበር፤ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እዚያው አጠገቡ ነው። እዚህ «ኢንሻአላህ» የማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም። ማተብ ያሰረው ነጋዴ ለሙስሊም ደንበኛው ይለዋል፣ ሀጂውም ለራጉኤል ተሳላሚዋ «እግዜር ካለ» ይሏታል። ታዲያ ምስጢሩ ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። «ኢንሻአላህ ማክሰኞ» ከተባላችሁ ቃል ተገብቶላችኋል፤ ማክሰኞ ሂዱ። «ኢንሻአላህ» ብቻ ከተባላችሁ ደግሞ በትህትና «አይሆንም» ተብላችኋል። ቀን የሌለው ኢንሻአላህ ላይ ቆማችሁ አትጠብቁ። ጋሼ እንደሚሉት በስፓኒሽ መጠበቅና ተስፋ ማድረግ አንድ ግስ ነው፤ ሃቫና ዳቦ ሲሰለፉ የቱን እያደረጉ እንደነበር ዛሬም አይለዩትም።

ስትሰለቹ የምትመዙት ቃል ደግሞ አለ፦ ቁርጥ። ባለፈው አንዲት የደብረ ብርሃን ነጋዴ ሴትዮ እንዴት እንደተጠቀሙበት ላሳያችሁ። ሰው በሞላበት ሰዓት አልመጡም። የአንድ ሀጂ ሱቅ ሊዘጋ ሲል፣ ሒሳብ ተቆጥሮ ሲያልቅ መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ።

«ሀጂ፣ ያሉኝን ሁሉ ሰምቻለሁ። ቁርጡን ይንገሩኝ።»

«እትዬ፣ ምን አስቸኮለዎት? ሻይ ይምጣልዎት እንጂ።»

«ሻዩንም እጠጣለሁ። አለ ወይስ የለም? ከሌለ ቀብዴን ይዤ ልግባ።»

ሀጂ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከክ አከክ አደረጉ። ልጆቹ ማጠፋቸውን አቆሙ። «ግማሹ አለ፤ ግማሹ በአሥራ አምስት ቀን» አሉ በመጨረሻ። ያ ነው ቁርጡ። ጠዋት ተጠይቀው ቢሆን ጅቡቲ ይሉ ነበር፤ ማታ ግን የዕለቱ ገንዘብ እጃቸው ላይ ነው፣ ዋሽተውም የሚያተርፉት የለም። ሴትዮዋ ሻያቸውን ጨርሰው ነው የሄዱት።

ስለ እሳቱም ትንሽ ልበል። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ ሸማ ተራ አካባቢ ሲቃጠል ሁሉም አፍ ላይ የነበረው «ነፍስ ይትረፍ እንጂ ንብረት ይተካል» የሚለው ነበር። መልካም ቃል ነው። ከባንኮኒ ጀርባ ያለ ሰው ግን ቀድሞ የሚያስበው የዱቤ ደብተሩን ነው፤ ጨርቅ ይተካል፣ ማን ስንት እንዳለበት የተጻፈበት ወረቀት አይተካም። ከዚያ በኋላ ሱቁ የተቃጠለበትን ሰው አበዳሪው ሲያገኘው «ቀስ ብለን እንነጋገራለን» ሲለው ሰምቻለሁ። ከሰማኋቸው የተስፋ ቃላት ሁሉ ውድ ዋጋ ያለው ይህ ነው፤ ብድር ማራዘሚያ ነው፣ ማኅተም ብቻ ነው የሚቀረው።

አሁን ወደ ዋናው ምስጢር። የመርካቶ ተስፋ ማደሪያው ባንክ ሳይሆን ዕቁብ ነው። ሎተሪ አዟሪው በሱቃችን በር በቀን ስንት ጊዜ ቢመላለስ ለጨዋታ እንገዛለታለን እንጂ የምንተማመነው በዕቁብ ነው፤ ዕጣው መቼም ይሁን መቼ፣ እንደሚወጣ ይታወቃላ። ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ የተጠቀለለ ወረቀት አለው፤ የወጣለት ዋስ ጠርቶ ገንዘቡን ይወስዳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተስፋው አልቆ ዕዳው ይጀምራል፤ በየሳምንቱ እስከ መጨረሻው ይጥላላ። ስለዚህ ዕቁብ ላይ የሚስቁት ያልወጣላቸው ናቸው። የወጣላቸው ሰዓት ያያሉ።

ዕጣ ሲወጣ ደግሞ ሁሉም አይወስድም። የቸኮለ ሰው ከባለዕጣው ጋር ወደ ጥግ ፈቀቅ ይላል፤ ትንሽ ያንሾካሹካሉ፤ ዕጣው ተሸጠ። ገዢው ጥቂት ብር ለባለዕጣው ትቶ ዛሬውኑ ይወስዳል፣ ሻጩ የገዢውን ተራ ይጠብቃል። ይህ ሽያጭ ከሐምሌው የምንዛሬ ለውጥ ወዲህ ደርቷል፤ ብር ሲረክስ የመጨረሻውን ዕጣ የሚጠብቅ ሰው ብዛቱ ሳይጎድል አቅሙ የጎደለ ገንዘብ ነው የሚደርሰው። ድሮ «እኔን በመጨረሻ አድርሱኝ፣ ለቁጠባ ነው» የሚሉ እናቶች ነበሩ፤ አሁን እነሱም ቀደም ያለውን ይጠይቃሉ።

ይህን ሁሉ ያወራሁት ለአንድ ነገር ነው። ነጋዴ ለእናንተ የሚሰጣችሁ ቀን ብዙ ጊዜ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የዕቁቡ ቀን ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ኢንሻአላህ» ካላችሁ ባለሱቁን አትጨቅጭቁት። ወጣ በሉና ጣቃ የሚያወርደውን ልጅ፣ ለሻይ ሰጥታችሁ፣ «የጌታችሁ ዕቁብ ምን ቀን ነው?» በሉት። እሑድ ነው ካላችሁ ሰኞ ጠዋት፣ የሱቁ ቆርቆሮ ገና ሲከፈት፣ በሩ ላይ ተገኙ። ረፋድ ላይ ከመጣችሁ ሌሎቹ አበዳሪዎች ቀድመዋችኋል፤ ልጁን እነሱም ጠይቀውታል።