ከኋላ የተቀመጠውም ገበሬ ይስማ
ከእርሻ ልማት ሪፖርተራችን

የከብት ክትባት ቀን በስብሰባ ላይ ይነገራል። ከዛፉ ጥላ ዳር የተቀመጡት ግን «ሰኞ» የተባለውን «ማክሰኞ» ብለው ይሰሙና ከብቶቻቸውን የሚያመጡት ክትባት ሰጪው ከሄደ በኋላ ይሆናል። በዚህ ምክንያት በሬ የሚሞትበት ገበሬ ጥፋተኛ አይደለም። በሜዳ ላይ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር የድምፅ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳልና።

ማይክሮፎን፣ አነስተኛ አምፕሊፋየርና ከአሮጌ ራዲዮ የወጣ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፒከር ያለው የገበሬ ማኅበር ቀሪውን ክፍል፣ ማለትም ጥሩንባውን፣ ከቆርቆሮ ሊያሠራ ይችላል።

የእድር ጥሩንባ ነፊ መንደሩን ሁሉ የሚያሰማው በሳንባው ብርታት ብቻ ሳይሆን በመሣሪያው ቅርጽም ጭምር ነው። የስፒከር ወረቀት ሲርገበገብ ከፊቱ ያለው አየር ወደ ጎን ስለሚሸሽ አብዛኛው ድካሙ ከንቱ ይቀራል። ጠባብ ጉሮሮ አየሩን ይይዝለታል፤ ቀስ በቀስ የሚሰፋው ጥሩንባ ደግሞ ድምፁን ወደ ሜዳው ያወጣዋል። ስለዚህ ጥሩንባ ኃይል አይጨምርም፤ የባትሪው ኃይል እንዳይባክን ያደርጋል እንጂ።

ቁም ነገሩ አሰፋፉ ላይ ነው። ድንገት ከሰፋ ከፊሉ ድምፅ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ አፉ ከጠበበ ወፍራሙ ድምፅ ይቀራል። ለንግግር የሚስማማው ልክ እንደሚከተለው ነው። ጉሮሮው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 4.5 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከዚያ በየ12 ሳንቲ ሜትሩ ስፋቱ እጥፍ እየሆነ 9፣ 18፣ በመጨረሻም 36 ሳንቲ ሜትር ይድረስ። ጠቅላላ ርዝመቱም 36 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህ ልክ በሴኮንድ 300 ጊዜ ገደማ ከሚርገበገበው ድምፅ ጀምሮ ወደ ላይ ያለውን ያስተላልፋል። የሽቦ ስልክም ከዚህ በታች ያለውን እምብዛም ሳያስተላልፍ ንግግርን በሚገባ ያሰማል። ለዘፈን ግን ይህ ጥሩንባ አይመከርም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ልኩ አስቀድሞ በካርቶን ይቆረጥ። ቀጥሎ ቆርቆሮ ሠራተኛው ሦስቱን ክፍሎች ጠቅልሎ ያጋጥም፤ መጋጠሚያውም አየር እንዳያስወጣ ይደፈን። ስፒከሩ 4.5 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ ባለው ጣውላ ላይ ይታሰር፤ ሆኖም ወረቀቱ ሲርገበገብ ጣውላውን መንካት የለበትም። የስፒከሩ ጀርባ በሳጥን ይዘጋ፤ ክፍት ከተተወ የኋላው ድምፅ የፊቱን ያዳክመዋል። ቆርቆሮው እንዳይንጫረር ከውጭ በአሮጌ ጎማ ላስቲክ ይጠቅለል።

ጥሩንባው ከተሰብሳቢው ራስ በላይ ተሰቅሎ ወደ ኋለኛው ረድፍ ይቅና። ተናጋሪው ከጥሩንባው ጀርባ ይቁም፤ ማይክሮፎኑ ከፊቱ ከዋለ መሣሪያው ይጮኻል።

ሥራው ሲያልቅ የማኅበሩ መሪዎች ራሳቸው ከመጨረሻው ረድፍ ተቀምጠው ያዳምጡ። «ሰኞ» የተባለው እዚያም «ሰኞ» ተብሎ ከተሰማ ጥሩንባው በትክክል ተሠርቷል።