ቤትን በዕቃና በሥዕል ስለ ማስጌጥ

(በራዲዮ ከተነገረው ንግግር የተወሰደ)



ዛሬ ልነግራችሁ የመረጥሁት ነገር የመኖሪያ ቤትን ውስጥ ስለ ማዘጋጀት ነው፤ ይኸውም ወንበሩንና ጠረጴዛውን፣ ምንጣፉንና በግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሥዕል ከየት መፈለግ፣ እንዴትስ መምረጥ እንደሚገባ ነው። ነገሩ ለባለጠጋ ብቻ የሚነገር ቅንጦት የሚመስለው ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ልጅ ያማረውን ካላማረው መለየት መጀመሪያ የሚማረው ከሚቀመጥበት በርጩማና ዘወትር ከሚያየው ግድግዳ ነው። ከዚህም በላይ ለቤታችን የምንገዛው ዕቃ ለአንዱ አናጢ፣ ለአንዱ ሸማኔ ወይም ለአንዱ ሠዓሊ እንጀራ ይሆናል፤ ወይም እንጀራውን ያስቀርበታል። ስለዚህ ጉዳዩ የአንድ ሳሎን ጉዳይ ብቻ አይደለም።

አንድ ወዳጄ አዲስ ቤት ሠርቶ በገባ ጊዜ የሳሎኑን ዕቃ ሁሉ በአንድ ቀን ከአንድ መደብር ገዝቶ አስገባ። ሶፋው ትልቅ፣ ቡፌው የሚያብለጨልጭ፣ ጠረጴዛው ባለመስተዋት ነበር። ቤቱን ልንመርቅ የሄድን ሁሉ አደነቅን። ሆኖም እንግዳው በሶፋውና በጠረጴዛው መካከል ለማለፍ በጐኑ መሄድ ግድ ሆነበት፤ ረከቦት የሚቀመጥበት ስፍራ ስለ ታጣም ቡናው በጓዳ ተፈላ። ክረምት ገብቶ ወለሉ በታጠበ ቍጥር ደግሞ ውሃ የነካው የቡፌው እግር እያበጠ ተላጠ፤ ለካ የተሠራው ከተፈጨ እንጨትና ከሙጫ ከተጋገረ ቺፑድ ኖሯል። በግድግዳው ላይ የተሰቀለው የፏፏቴ ሥዕልም በመኪና የታተመ ስለ ነበረ፣ ያው ሥዕል በሁለት ጎረቤቶቹ ቤት ይገኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ወዳጄ፣ «የዚህን ሁሉ ዕቃ ዋጋ አውቃለሁ፤ ማን እንደ ሠራውና ከምን እንደ ተሠራ ግን አልጠየቅሁም» አለኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እንደዚህ ላለው ነገር ነው።

እኔም በዚህ ቃል ላይ ብዙ ካሰብሁ በኋላ፣ ለቤቱ ዕቃ የሚፈልግ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት ሦስት ጥያቄዎችን ቢጠይቅ መልካም ነው ወደሚል አሳብ ደረስሁ። የመጀመሪያው «ለየትኛው ስፍራ ነው?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ከምን ተሠራ?» የሚል ነው። ሦስተኛው፣ ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋው፣ «ማን ሠራው?» የሚል ነው።

ስለ ስፍራው ብንነጋገር፣ አባቶቻችንና እናቶቻችን በዚህ ነገር አዋቂዎች እንደ ነበሩ የሐረር ቤት ይመሰክራል። ሐረሮች ጌይ ጋር በሚሉት በባህላዊው ቤታቸው ውስጥ ነደባ የሚባሉ፣ ከወለሉ ከፍና ዝቅ ብለው የተሠሩ መደቦች አሉ። ብዙ ጊዜ ቍጥራቸው አምስት ሲሆን ለእያንዳንዱ ተቀማጭ የሚገባው መደብ የታወቀ ነው። በግድግዳው ውስጥ ለመጽሐፍና ለዕቃ ማስቀመጫ ጎድጎድ ያሉ መስኮቶች ተበጅተዋል፤ በግድግዳውም ላይ በሴቶች እጅ የተሰፉ የስፌት ሥራዎች በሥርዐት ተሰቅለው ይታያሉ። እነዚህ ስፌቶች የቤቱ ዕቃዎች ናቸው፤ የቤቱም ሥዕሎች ናቸው። በዚያ ቤት ስፍራ የሌለው ዕቃ አይገኝም። ቤቱ የሚያምረው ዕቃው ስለ በዛ ሳይሆን እያንዳንዱ ዕቃ በተገባው ቦታ ስለ ተቀመጠ ነው።

እኛም በዛሬው ቤታችን፣ ይልቁንም ክፍሉ ጠባብ በሆነበት በጋራ መኖሪያ ሕንፃ፣ ይህንኑ ምሳሌ ልንከተል እንችላለን። ዕቃ ከመግዛታችን በፊት ክፍሉን በሜትር እንለካ፤ ከዚያም የምንመኘውን የሶፋ ወይም የጠረጴዛ ልክ ያህል ጋዜጣ በወለሉ ላይ ዘርግተን በዙሪያው እንመላለስ። ሰው ያለ ችግር እንዲያልፍ ከ75 እስከ 90 ሳንቲ ሜትር የሚሆን መተላለፊያ ያስፈልጋል። የምግብ ጠረጴዛ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ የወንበሩም መቀመጫ ከወለሉ 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ሲሆን ለአብዛኛው ሰው ይመቻል። የቡናውን ስፍራ ግን አስቀድመን እንለይ፤ ረከቦቱና ምድጃው፣ በርጩማውና የቡና አፍዪዋ የሚያርፉበት ስፍራ ያልተተወለት ሳሎን፣ ዕቃው ምንም ቢያምር፣ የእኛ ቤት ሆኖ አይሰማንም።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄ ስንሻገር የምናገኘው የእንጨትን ነገር ነው። በአገራችን ለቤት ዕቃ የታወቁት ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድ፣ ቀረሮና ወይራ ናቸው። ዋንዛ ለመጥረብ የሚታዘዝ፣ መልኩም ደስ የሚያሰኝ ስለ ሆነ ከጥንት ጀምሮ የአናጢ ወዳጅ ነው። ባሕር ዛፍ በፍጥነት የሚያድግና በየቦታው የሚገኝ ቢሆንም ሲደርቅ የመጣመምና የመሰንጠቅ ጠባይ አለው። ከየትኛውም ዛፍ ይሁን፣ በርጥቡ የተሠራ ዕቃ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ አናጢውን «እንጨቱ ስንት ጊዜ ደረቀ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ወንበሩንም ገልብጦ እግሩን ማየት ያስፈልጋል። የአንዱ እንጨት ጫፍ በሌላው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ በኮላ የተጣመረ ወንበር ለልጅ ልጅ ይተርፋል፤ በምስማር ብቻ የተያያዘው ግን ጥቂት ክረምቶች ካለፉ በኋላ መወዛወዝ ይጀምራል።

በዚህ ረገድ የጅማን ወንበር የመሰለ አስተማሪ የለም። ይህ ወንበር መደገፊያው፣ መቀመጫውና ሦስቱ እግሮቹ ከአንድ ግንድ ተጠርበው የሚወጡ ናቸው፤ መጋጠሚያ ስለሌለው የሚላቀቅ ነገር የለበትም። እግሮቹ ሦስት የሆኑበትም ምክንያት አለው፤ ባለ አራት እግር ወንበር ባልተስተካከለ ወለል ላይ ሲወዛወዝ፣ ባለ ሦስት እግሩ ግን በማናቸውም መሬት ላይ ጸንቶ ይቆማል። መቀመጫው ጎድጎድ ብሎ የተጠረበው የሰውን አካል እንዲቀበል ነው። እንግዲህ ውበት ማለት በመጨረሻ የሚለጠፍ ጌጥ ሳይሆን ከጥቅሙ ጋር አብሮ የሚወለድ መሆኑን ይህ ወንበር ያስረዳናል።

ይሁን እንጂ የአገራችን እንጨት ማለቅ የሚችል ሀብት ነው። ስለዚህም በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቈረጡ ከልክሎ ነበር። እንጨቱ ከየት እንደ መጣ መጠየቅ የገዢ ግዴታ ነው። ከፈረሰ አሮጌ ቤት የተገኘ ሣንቃ ብዙ ዘመን የደረቀ ስለ ሆነ፣ በጥሩ አናጢ እጅ ሲወድቅ ከአዲሱ የሚሻል ጠረጴዛ ይወጣዋል። ለወለሉም የመንዝ ሰዎች ከበግ ጠጕር የሚሠሩት ዝተት፣ ለመጋረጃና ለትራስ ልብስም በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚገኘው የሸማኔ ሥራ አለልን።

ሦስተኛው ጥያቄ «ማን ሠራው?» የሚለው ነው። አድማጮች ሆይ፤ በዚህ ነገር ታሪካችን የሚያስመሰግነን አይደለም። በሸማኔው ልብስ አጊጠን፣ በጠራቢው ወንበር ላይ ተቀምጠን፣ በሸክላ ሠሪዋ ጀበና ቡናችንን እየጠጣን፣ ሠሪዎቹን በሥራቸው ምክንያት ስንንቅና ስንሰድብ ኖረናል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። ስድቡ ዛሬ ቢቀንስም ስሙን አለመጠየቃችን የዚያው ንቀት ቅሬታ ነው። የመኪናችንን ፋብሪካ ስም ጠንቅቀን እናውቃለን፤ የአልጋችንን አናጢ ስም ግን አናውቀውም። ስሙ የታወቀ ሰው ለስሙ ሲል አጥብቆ ይሠራል፤ ስሙ የተረሳ ግን ለዕለት ገንዘቡ ብቻ ይሠራል።

የሠዓሊው ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም ተቋቍሞ ብዙ ሠዓሊዎችን አፍርቷል፤ ዛሬም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሆኖ በመሥራቹ ስም ይጠራል። ዘመናዊ ሥዕል ለመግዛት የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ዐይኑን ያስተምር፤ ለማየት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ወደ አፍሪካ አዳራሽ የሚገባ ሰው አፈወርቅ ተክሌ የአፍሪካን ያለፈ መከራ፣ ትግሏንና ተስፋዋን የገለጠበትን፣ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነውን የመስተዋት ሥዕል ያያል። አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመርቆ የተከፈተ ሲሆን ታድሶ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፍቷል። ሥዕሉ ለዚያ ስፍራ የተሠራ ስለ ሆነ የፀሐዩ ብርሃን ራሱ የሥዕሉ ክፍል ሆኗል። ይኸው ሠዓሊ ቪላ አልፋ ብሎ የሰየመውን መኖሪያውንና የሥራ ቤቱን ራሱ መንደፉ፣ ቤትና ሥዕል አንድ አሳብ ሊሆኑ እንደሚችሉ ያሳያል።

እንዲሁም በ2000 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲው በተከፈተው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የገብረ ክርስቶስ ደስታን ሥራዎች ማየት ይቻላል። ገብረ ክርስቶስ በጀርመን አገር ተምሮ ተመልሶ፣ መልክን ሳይሆን ቀለምንና ቅርጽን ብቻ የሚያናግሩ ሥዕሎችን ባሳየ ጊዜ «ይህ ምንድን ነው?» ያሉት ብዙ ነበሩ። በ1973 ዓ.ም. በስደት በአሜሪካ አረፈ፤ ዛሬ ግን ሙዚየሙ በስሙ ይጠራል። በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው የዞማ ሙዚየም ደግሞ፣ ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ኤልያስ ስሜ የተጣለን ሽቦና የኮምፒዩተር ዕቃ ወደ ጥበብ የሚለውጥ ሠዓሊ ሲሆን፣ የሙዚየሙ ግድግዳዎች በጭቃና በጭድ እንዴት እንዳማሩ ያሳየናል።

ዐይናችን ጥቂት ከለመደ በኋላ ወደ ተማሪዎች የምረቃ ኤግዚቢሽንና ወደ ወጣት ሠዓሊዎች የሥራ ቤት እንሂድ። አንድን ሥዕል ወዲያው አንግዛው፤ ሳምንት ቆይተን እንመለስ። ሳናየው በሰነበትንበት ጊዜ በልባችን ከተመላለሰ የእኛ ነው። ከሶፋው ቀለም ጋር ስለ ተስማማ ብቻ የተገዛ ሥዕል ሶፋው በተለወጠ ጊዜ ስፍራ ያጣል። በገዛንም ጊዜ የሠዓሊው ስም፣ የሥዕሉ ርእስ፣ የተሠራበት ዓመትና ቀለሙ ምን እንደ ሆነ ተጽፎ እንዲሰጠን እንጠይቅ።

ስለ አሰቃቀሉም ጥቂት ልጨምር። የሥዕሉ መካከል ከወለሉ 150 ሳንቲ ሜትር ያህል ቢሆን ለቆመ ሰው ይመቻል፤ በበርጩማ ተቀምጠን በምናየው ክፍል ግን ዝቅ ይበል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ያህል ከፍታ ያላት ከተማ ስለ ሆነች ፀሐይዋ ብርቱ ነው፤ በቀጥታ ያረፈበትን ቀለም ያደበዝዛል። የዕጣንና የቡና ጢስም ሸራን ያጠቁራልና ሥዕል ከረከቦቱ በላይ አይሰቀል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ሳልናገር አላልፍም። ጥንታዊ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ ለሳሎን ጌጥ ብሎ ካልታወቀ ሻጭ መግዛት የቅርስ ስርቆትን መመገብ ነው። በ1992 ዓ.ም. ስለ ቅርስ ጥበቃ የወጣው አዋጅም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። የጥንቱን ሥዕል የሚወድ ሰው በሕይወት ያለውን ባህላዊ ሠዓሊ አዲስ ያሠራ፤ እንደዚህ ሲያደርግ ጥንቱ በስፍራው ይጠበቃል፤ ጥበቡም ይቀጥላል።

ያ ወዳጄ ሶፋውን አልጣለውም፤ ገንዘቡም አልፈቀደለትም። ነገር ግን ቡፌው ባረጀ ጊዜ በምትኩ ትልቅ ዕቃ አልገዛም፤ በሰፈሩ ያለውን አናጢ አንድ የዋንዛ ጠረጴዛ ከአሮጌ ሣንቃ አሠራው። በዓመቱ ከአንዲት ወጣት ሠዓሊ አንድ ትንሽ ሥዕል ገዛ። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው፣ ቤቱ እየተለወጠ ሄደ። ባለፈው ጊዜ ልጠይቀው በሄድሁ ጊዜ የሰባት ዓመት ልጁ እጄን ይዛ ወደ ጠረጴዛው ወሰደችኝና የአናጢውን ስም ነገረችኝ፤ ቀጥላም ወደ ሥዕሉ አመልክታ የሠዓሊዋን ስም ጠራች። የፏፏቴውን ሥዕል በሚመለከት ግን የነገረችኝ ነገር አልነበረም። ቡናውም በዚያን ቀን በሳሎኑ ተፈላ።