ጣፊያን ሳያወጡ ማከም እንዴት ተቻለ?

በማስተማር ላይ ሳለን ተማሪዎቻችን ስለ ልብና ስለ ኩላሊት ደጋግመው ይጠይቁን ነበር፤ ስለ ጣፊያ የጠየቀን ግን አናስታውስም። ሐኪሞችም ለረጅም ዘመን ብዙ ግምት አልሰጡትም። በአደጋ ከተሰነጠቀ ቆርጦ ማውጣት የተለመደ ነበር። በ1952 (እ.ኤ.አ) ኪንግና ሹማከር የተባሉ ሐኪሞች ጣፊያቸው የወጣ ሕፃናት በከባድ ኢንፌክሽን መጠቃታቸውን ሲዘግቡ ግን ነገሩ እንደገና መታየት ጀመረ። ጣፊያ ደምን ያጣራል፤ በተለይ እንደ ኒሞኮከስ ያሉ ባክቴሪያዎችን ከደም ውስጥ ይለቅማል።

ታዲያ ከፊሉን ማትረፍ የሚቻለው እንዴት ነው? መልሱ ያለው ደም ቅዳዎቹ ላይ ነው። ዋናው የጣፊያ ደም ቅዳ በቆሽት የላይኛው ጠርዝ እየተጠማዘዘ ወደ ግራ ይጓዛል። ጣፊያው ውስጥ ሳይገባ በአብዛኛው ሰው ለሁለት፣ በአንዳንዱ ለሦስት ይከፈላል። ነገሩ እንደ መስኖ ነው፤ ከቦዩ የወጣ እያንዳንዱ ትልም የየራሱን መደብ ያጠጣል። በመደቦቹ ድንበር ላይ የሚሻገር የደም ስር ጥቂት ነው። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሙ ወደ ተጎዳው ክፍል የሚሄደውን ቅርንጫፍ ሲያስር ያ ክፍል ብቻ ይጠቁራል፤ ድንበሩም በዓይን ይለያል። በዚያው ላይ ቆርጦ ቀሪውን በሕይወት ያቆየዋል።

ሌላም መንገድ አለ። ከጨጓራ በኩል የሚመጡ አጫጭር ደም ስሮች ጣፊያውን ይደርሱታል። ዋርሾ በ1988 የቆሽትን ጭራ ሲያወጣ ዋናዎቹን የጣፊያ ደም ስሮች ቆርጦ፣ ጣፊያውን በእነዚህ ብቻ ማቆየት እንደሚቻል አሳየ። አንዳንዴ ግን ደሙ ሳይበቃ ቀርቶ የጣፊያው ከፊል ይሞታል፤ በተለይ ጣፊያው ትልቅ ሲሆን። ኪሙራ በ1996 ያቀረበው ዘዴ ዋናዎቹን ደም ስሮች ከቆሽቱ አላቅቆ ያተርፋቸዋል፤ አድካሚ ቢሆንም።

ሁልጊዜ ግን አይሆንም። ጣፊያው ከተፈረካከሰና ደሙ አልቆም ካለ ማውጣት ግድ ነው፤ ሐኪሙን ለምን አላተረፍከውም ማለት አይገባም። ጣፊያው የወጣ ሰው የኒሞኮከስና የማጅራት ገትር ክትባት ያስፈልገዋል። ትኩሳት ሲሰማው ሳያድር ሐኪም ቤት ይሂድ፤ ወባ ባለበት አካባቢ ደግሞ ይበልጥ ይጠንቀቅ። ለሐጅ የሚነሳም ከሆነ የማጅራት ገትር ክትባቱን ለጉዞ ወረቀት ብሎ ብቻ አይውሰደው፤ ጣፊያው እንደወጣም ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር።