የክረምት ምሽትና የቤተ ሰብ ምድጃ

በአገራችን ልማድ ሁለት ወዳጆች ብዙ ቀን ሳይተያዩ ቆይተው በተገናኙ ጊዜ አስቀድመው የሚለዋወጡት ቃል «እንደምን ከረማችሁ» የሚል ነው። ይህ ሰላምታና ክረምት የምንለው ስም አንድ ሥር አላቸው፤ ሁለቱም ከረመ ከሚለው ግሥ የወጡ ናቸውና። እንግዲህ ጠያቂው የሚጠይቀው ዝናቡ አልጎዳችሁምን ብሎ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጣራ ሥር ያሳለፋችሁት ያ ረጅም ወራት ምን ይመስል ነበር ብሎ ጭምር ነው እንጂ። በዚህ ጽሑፍ ልንመለከተው ያሰብነውም ይኸው ነው። ክረምት ወደ ቤታችን ስለሚያመጣው፣ ብዙ ገንዘብ ስለማይጠይቀው፣ ነገር ግን ካልተጠበቀ በቀላሉ ስለሚያመልጠን ደስታ ጥቂት እንናገራለን።

ቤተ ክርስቲያናችን ዓመቱን በአራት ወቅት ከፍላ ስትቈጥር ዘመነ ክረምት የምትለው ከሰኔ 26 ቀን እስከ መስከረም 25 ቀን ያለውን ነው። በዚህ ወራት ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ምድር፣ እንዲሁም ከሕንድ ውቅያኖስ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ ወደ ደጋው ይመጣል፤ ተራራውን ሲወጣም ይቀዘቅዝና ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። የሚያስደንቀው ነገር ወራቱ በሰሜኑ የዓለም ክፍል ፀሐይ የምትበረታበት መሆኑ ነው። የአውሮፓ ሰው በጋ መጣልኝ ብሎ ልብሱን በሚያቀልበት በሐምሌ የኛ ሰው ጋቢውን ይደርባል። ይህም የሆነው ደመናው ፀሐይዋን ስለሚጋርድና አገራችንም ከፍተኛ ስለ ሆነች ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በምትገኘው በአዲስ አበባ፣ በሐምሌና በነሐሴ የቀኑ ሙቀት ከ20 ዲግሪ እምብዛም አይርቅም፤ ሌሊቱም ወደ 10 ዲግሪ ይወርዳል። የመንዝና የደብረ ብርሃን ሰው ደግሞ ከዚህ የበረታውን ብርድ ያውቃል፤ ባናው፣ ዝተቱና ጥቁሩ በርኖስ ከበግ ጠጕር በዚያ አገር መሠራታቸው በከንቱ አይደለም።

በበጋ ቤተ ሰብ ይበተናል። ልጆች ትምህርት ቤት ይውላሉ፤ አባት በሥራው፣ እናትም በገበያና በልዩ ልዩ ጉዳይ ይባክናሉ። በጥር ሠርግ አለ፤ ማኅበርና ዝክር፣ ለቅሶና ጥየቃም ሰውን ከቤቱ ያወጡታል። ክረምት ሲገባ ግን ወንዙ ይሞላል፤ መንገዱ ይጨቀያል፤ ትምህርት ቤቱ ይዘጋል። እርግጥ ነው፣ ገበሬው በክረምት ሥራ አይፈታም። ያርሳል፤ ይዘራል፤ ያርማል። ነገር ግን እርሱም ቢሆን ወደ ማታ ልብሱ ርሶ፣ እግሩ ጭቃ ለብሶ ሲገባ፣ ከምድጃው አጠገብ በቀር ሌላ የሚሄድበት ስፍራ የለውም። ዝናብ ከውጭ በሩን ሲዘጋ፣ በውስጥ ያሉትን እርስ በርሳቸው ፊት ለፊት ያስቀምጣቸዋል። የክረምት ደስታ ሁሉ ምንጩ ይህ ነው።

አስቀድመን ስለ እሳቱና በእሳቱ ላይ ስለሚበስለው እንናገር። የገብስ ቆሎን የማያውቅ ልጅ በመካከላችን የለም፤ ነገር ግን ስንት ድካም እንዳለበት የሚያውቀው ጥቂቱ ነው። ገብሱ በመጀመሪያ ይታመሳል፤ በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ይለቅቃል፤ በሰፌድ ተበጥሮ ከጠራ በኋላ እንደ ገና በምጣድ ይቈላል። ሽምብራ ወይም ሱፍ ቢጨመርበት ይበልጥ ይጣፍጣል። ይህ ሁሉ በልጆች ፊት ሲሠራ፣ አንዱ እሳት ሲያነድ፣ ሌላዋ ስታበጥር፣ ትንሹ ከምጣዱ የፈናጠረውን ሲለቅም፣ ከመብሉ በፊት ሥራው ራሱ ደስታ ይሆናል። አንድ ጣሳ ገብስ አንድ ቤተ ሰብ ሊያጫውት ይበቃል። ነሐሴ ሲደርስም የበቆሎ እሸት በፍም ላይ ተገላብጦ ሲጠበስ ሽታው ጎረቤት ይጠራል። ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን የሚጾመው ጾመ ፍልሰታም በዚሁ ወራት የሚውል ስለ ሆነ፣ ቆሎውና ንፍሮው ሕፃናቱ ሳይቀሩ ከቅዳሴ መልስ የሚቀርቡለት ማዕድ ነው።

ከዚያም ቡናው አለ። በበጋ ቡናው ቶሎ ተጠጥቶ ሰው ወደ ጉዳዩ ይበተን ይሆናል፤ በክረምት ግን አቦሉ ቶናውን፣ ቶናውም በረካውን በትዕግሥት ይጠብቃል። ጀበናው እስኪፈላ ድረስ የሚነገር ወሬ ይኖራል፤ የተጣላ ካለ ይታረቃል፤ የተከፋ ካለ ይጠየቃል። የዝናቡ ድምፅ በቆርቆሮው ላይ ሲበረታ ሰው ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ሲያባራም ሁሉም በአንድነት ዝም ይላል። ያ ዝምታ ራሱ ከወሬው የማያንስ መልካም ነገር ነው።

እጅም በክረምት ሥራ አያጣም። እናቶቻችን ጥጡን ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት የሚፈትሉበት ምሽት ይህ ነበር፤ ዛሬም በብዙ ቤት ነው። ጋቢ አራት እጥፍ ስለ ሆነ ብዙ ፈትል ይፈልጋል። አንድ ልጅ እናቱ ስንት ምሽት እንደ ፈተለች አይቶ ያደገ እንደ ሆነ፣ ያን ጋቢ ሲለብስ የሚሞቀው በጥጡ ብቻ አይደለም። ስፌት የምትሰፋ ደግሞ አክርማዋንና ሰንደዶዋን ይዛ ትቀመጣለች። ወንዶቹ ገበጣቸውን ይጫወታሉ፤ ገበጣ የሌለው በመሬት ላይ ጉድጓድ ምሶ ጠጠር ይሰበስባል።

እጅ ሲሠራ አፍና ጆሮ ነፃ ናቸው። ስለዚህ «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል መልስ ከማዕዘኑ ሁሉ ይሰማል። «እንቆቅልሽ» ሲባል «ምን አውቅልሽ» ይከተላል፤ መልሱን ያጣ አገር እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ ጎንደርን ወይም ጎጃምን ሰጥቶ ይገላገላል። ሲሄድ ውሎ ሲሄድ የሚያድር ምንድር ነው ቢሉት፣ ወንዝ ነው ብሎ የመለሰ ሕፃን ሌሊቱን በደጅ የሚያልፈውን ጎርፍ ሲሰማ ያደረ ነው። ይህ ጨዋታ ለልጅ ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። ቃል ማዳመጥን፣ ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍንም በሣቅ መቀበልን ያስተምራል። እኔም በመምህርነቴ መስከረም ሲጠባ ተማሪዎቼን ክረምቱን በምን አሳለፋችሁት ብዬ ስጠይቅ፣ የተገዛላቸውን ዕቃ የሚያነሡት ጥቂቶች ናቸው። አያቴ ይህን ነገረችኝ፣ ከአባቴ ጋር ጣራ ጠገንን፣ ከእናቴ ጋር በቆሎ ጠበስን የሚሉት ይበዛሉ።

ነገር ግን በዛሬው ጊዜ ዝናቡ በሩን ቢዘጋውም ሰው በቤቱ ውስጥ ሆኖ ከቤቱ የሚወጣበት ሌላ በር ተከፍቷል። አባት በስልኩ፣ ልጅ በስልኩ፣ እናትም በቴሌቪዥኑ ፊት ሆነው በአንድ ጣራ ሥር በሦስት አገር ያመሻሉ። ስልኩ ራሱ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። በውጭ አገር ያለውን ወንድምና እኅት ድምፅ፣ ፊቱንም ጭምር ወደ ምድጃችን የሚያመጣልን እርሱ ነውና። ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። በዝናብ ምሽት ድንገት መብራት በሄደ ጊዜ ምን እንደሚሆን ሁላችንም አይተናል። እያንዳንዱ ከየክፍሉ ይወጣል፤ አንድ ሻማ ይበራል፤ ሁሉም በዚያች ብርሃን ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሣቅ ይሰማል። መብራቱ ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ የክፍሉ ይመለሳል። ታዲያ ለዚህ አንድ ሰዓት መብራት እስኪጠፋ መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? ከእራት በኋላ ያለውን አንድ ሰዓት ስልኮች ሁሉ በአንድ መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው እንዲያሳልፉት ቢደረግ፣ ይህ ለማንም የማይከብድ የቤት ሥርዓት ነው። ሥርዓቱ እንዲጸና ግን ስልኩን አስቀድሞ የሚያስቀምጠው አባት ይሁን፤ ልጅ የሚሰማው ከሚነገረው ይልቅ የሚያየውን ነውና።

ስለ እሳት ከተናገርን ስለ አደጋውም ዝም ማለት አይገባም። በብርድ ምሽት የከሰል ምድጃ ይዞ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሰው ይገድላል። የቀላ ፍም ጭስ ስለሌለው ደኅና ይመስላል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛም አየር ያወጣል። ይህ አየር ሽታም መልክም የለውም። በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይወስዳል፤ ከደም ጋር የሚጣበቅበትም ኃይል ከኦክስጅን 200 ጊዜ ገደማ ይበልጣል። የተኛ ሰው ሳይነቃ የሚሞተውም ስለዚህ ነው። ዕጣን ማጤስም ሆነ ውኃ በዕቃ ማኖር ከዚህ አያድንም። የሚያድነው ከሰሉን በውጭ ማቀጣጠል፣ ቡናው በሚፈላበት ክፍል መስኮት ወይም በር ገርበብ ማድረግ፣ ከመተኛት በፊትም ምድጃውን ከቤት ማውጣት ነው። ከምድጃው አጠገብ ያለ ሰው ራሱን ቢያመው፣ ቢያዞረው ወይም ቢያቅለሸልሸው፣ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። የቤቱ ጌታና እመቤት ከመተኛታቸው በፊት በሩን መቀርቀሩን እንደሚያዩ ሁሉ፣ ፍሙ መውጣቱንም ይዩ።

አሁን የነገራችን ዋና ወደ ሆነው እንምጣ። ያው ዝናብ በሁሉ ጣራ ላይ አንድ ድምፅ የለውም። ቆርቆሮው ደኅና ለሆነ ሰው እንቅልፍ የሚያመጣ ዜማ ነው፤ ጣራው ለሚያፈስ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሳፋና ምንቸት ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲያዛውር የሚያድርበት ጭንቀት ነው። አባቶቻችን ይህን አይረሱትም ነበር። ክረምት የጎተራው እህል የሚያልቅበት፣ የቀረውም ለዘር የወጣበት፣ አዲሱም ያልደረሰበት ወራት ነውና፣ የድኻው ቤት በጎመን ይከርማል። በዘመን መለወጫ «የጎመን ምንቸት ውጣ፤ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለው ከዚህ የተነሣ ነው። ቃሉ ዛሬ በጨዋታ ይነገራል፤ ሲፈጠር ግን በራብ የከረመ ሰው ቃል ነበር። እንግዲህ ምድጃችን ሙሉ ደስታ የሚሰጠን በዙሪያው ለአንድ ተጨማሪ ሰው ስፍራ በተገኘ ጊዜ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት በጎረቤት ቢኖሩ፣ ልጁ «እማማ፣ ቡና ደርሷል» ብሎ ጃንጥላ ይዞላቸው ይሂድ። ለምዱን ደርቦ በደጅ የሚቆም የቆሎ ተማሪ ቢመጣ ቁራሹ ትኩስ ይሁንለት። የሚያፈስ ጣራ ያለው ጎረቤት ቢኖር፣ ዝናቡ ባባራበት ቀን ከጎልማሶቹ ሁለቱ ሚስማርና መዶሻ ይዘው ግማሽ ቀን ቢሠሩለት፣ ያን ሌሊት ዝናቡ ሲመጣ የራሳቸው እንቅልፍ ምን ያህል እንደሚጣፍጥ ያዩታል።

ክረምትም እንደ ገባ ይወጣል። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ልጆች እየዘመሩ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳሉ፤ ሙልሙል ይሰጣቸዋል፤ ጅራፍ ይጮኻል፤ ችቦም ይበራል። ጳጉሜን 3 ቀን የቅዱስ ሩፋኤል ዕለት ሕፃናት ጠበል ነው እያሉ በዝናቡ ይጠመቃሉ። ከዚያ በኋላ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ ታለብሰዋለች፤ ትምህርት ቤቱ ይከፈታል፤ ቤተ ሰቡም ዳግመኛ ይበተናል። ልጆቻችንም አንድ ክረምት በዕድሜያቸው ላይ ይጨምራሉ፤ በቤታችን የሚከርሙበት ክረምት ግን በአንድ ይቀንሳል። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶት ከቤት የሚወጣ ልጅ ከወላጆቹ ጋር ያሳለፈው ክረምት አሥራ ስምንት ብቻ ነው፤ ከነዚህም የመጀመሪያዎቹን አያስታውሳቸውም።

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን ሆይ፣ የዘንድሮውን ክረምት እንዲያው እንደ ጎርፍ አልፎን እንዲሄድ አንተወው። ዛሬ ማታ ገብሱ ይታመስ፤ ስልኩ ይቀመጥ፤ ጎረቤት ይጠራ፤ አያት ተረታቸውን ይጀምሩ። ፍሙም በጊዜው ይውጣ። ቸሩ አምላክ ክረምቱን በሰላም አሳልፎ ለመስከረም ያድርሰን።