ወደ ውጭ የሚፈርስ ቤት

ሰሞኑን ከሽሮ ሜዳ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ ሬዲዮው “ጨረቃ ላይ የዕቃ ክብደት ከምድሩ አንድ ስድስተኛ ስለሆነ ቤት መሥራት ቀላል ነው፤ አፈሯን አቡክቶ ግድግዳ መምረግ ነው” አለ። ተሳፋሪው በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። እኔ አላስችል አለኝ።

የጨረቃ ቀን 14 ቀን ገደማ ይረዝማል፣ ሌሊቷም እንዲሁ፤ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ወጥቶ ከዜሮ በታች ከ100 በላይ ይወርዳል። ይህን ብዙዎች ስለሚያውቁት ልለፈው። የተረሳው የአየር ግፊት ነው።

የጉለሌ ጭቃ ቤት ጠላቱ ክብደት ነው። ጣሪያው ምሰሶውን፣ ምሰሶው መሬቱን ይጫናል፤ ሲፈርስም ወደ ታች ነው። የጨረቃ ቤት ግን ውስጡ አየር፣ ውጭው ባዶ ነውና ወደ ውጭ ይፈነዳል። ቤት ከምትሉት የተነፋ ኳስ በሉት፤ ካልሆነም እሳት ላይ የተጣደ ፕሬዠር ድስት። በ2,500 ሜትር ከፍታ የምንተነፍሰው አየር እያንዳንዱን ካሬ ሜትር በ7.5 ቶን ያህል ይገፋል። ከውጭም እኩል ስለሚገፋ አናስተውለውም። እዚያ ግን 2 ካሬ ሜትር በር 15 ቶን ይችላል ማለት ነው። ጣሪያውን በአፈር ክብደት ብቻ እንያዝ ብንል፣ ያ የቀለለ አፈር ወደ 30 ሜትር መከመር አለበት። ቅለቱ ጠላት ሆነ!

(አፈር ስል ራሴን ይከነክነኛል። ብስባሽ የለው፣ እርጥበት የለው፤ እንደተፈጨ ጠርሙስ የሚቧጭር የድንጋይ ብናኝ ነው።)

አየር ከውስጥ ሲገፋው ግድግዳው ይሳባል፤ ጭቃ ደግሞ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ይሰነጠቃል። ጭቃ ስናቦካ የጤፍ ጭድ የምንጨምረው ለዚሁ ነው። መሳብን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ግን የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው፤ ድሩ ተወጥሮ ማጉ ሲገባበት፣ ጉልበቱ ለሺህ ክር ይከፋፈላል።

እኔ የግንባታ ሰው ስለሆንኩ ለጡብ ትንሽ ልሟገት። ምድር ላይ በተሠራ አስመሳይ ብናኝ ጡብ ተጋግሯል፤ ጨረቃ ላይ ግን እስካሁን አንድም አልተጋገረም። ቢጋገርም ከላይ ተደርቦ ጨረርን ለመመከት እንጂ አየር ለመያዝ አልመክረውም። ደግሞም የአዲስ አበባ አየር ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ እኛም እየኖርንበት ነው። የጨረቃው ቤት የጉለሌን አየር ቢሞላ ግድግዳው የሩብ ያህል ጫና ይቀልለታል።

አየር ለመያዝስ የሸማኔው መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከዓለም አቀፉ የሕዋ ጣቢያ ጋር የተገጠመው ቢም የተባለው ክፍል ግድግዳው ድርብርብ ጨርቅ ነው። ታጥፎ ወጥቶ እዚያው ተነፋ። የታሰበው ለ2 ዓመት ነበር፤ ከዚያም በላይ አገልግሏል።